በእርሾ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የኢንዛይሞች አገኛኘት ታሪክ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሥርዓት አለ። ገብሱ በውሃ ተነክሮና ተሸፍኖ እስኪበቅል ድረስ ይቆያል፤ ከበቀለ በኋላም ደርቆ ይፈጫል፤ ብቅል የሚባለው ይህ ነው። ብቅሉ ከጌሾው ጋር ይጠነሰሳል፤ ከዚያም ቂጣውና እንኩሮው በየተራው ይጨመርበታል። እንኩሮው ግን ከምድጃው እንደ ወረደ ትኩሱን ከጥንስሱ ጋር አይገናኝም፤ አስቀድሞ መብረድ አለበት። ለመሆኑ ያልበቀለው ገብስ ስለ ምን ለዚህ ሥራ አይበቃም? እንኩሮውስ ስለ ምን መብረድ አስፈለገው? እናቶቻችን ይህን ጥበብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፉ ኖረዋል፤ የነገሩን ምክንያት መርምሮ ለማስረዳት ግን በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ ሊቃውንት ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ደክመዋል። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ድካም ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ የሚል ነበር። ምግብ በሆድ ውስጥ ሲለወጥ፣ ገብስ ወደ ጣፋጭነት ሲመለስ፣ ወይን ሲፈላ፣ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ሕይወት ራሷ ናትን? ወይስ ከሕያው አካል ተለይቶ ሊወጣ፣ ሊመዘንና በጠርሙስ ሊቀመጥ የሚችል አንድ ነገር አለ? ሥራውን የምትሠራው ሕይወት ራሷ ከሆነች፣ የሰው ምርመራ ከሕያው አካል ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው። ሠራተኛው ሊያዝ የሚችል ነገር ከሆነ ግን በሽታንና መድኀኒትን፣ ምግብንና እርሻን በአዲስ ዐይን መመልከት ይቻላል። ስለዚህ ክርክሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ዕውቀት እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል የሚወስን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከጨጓራ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት አንዳንዶቹ ሊቃውንት ጨጓራ ምግቡን እንደ ወፍጮ እየፈጨ ያልመዋል ይሉ ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ ምግቡ በሆድ ሙቀት ይበሰብሳል ይሉ ነበር። ሬዎሙር የተባለው ፈረንሳዊ ግን ይህን ክርክር በቃል ሳይሆን በሥራ ለመቍረጥ ፈለገ። ጭልፊት ሊፈጨው ያልቻለውን ነገር መልሶ የመትፋት ልማድ አለው። ሬዎሙር ይህን ልማድ ተመልክቶ፣ ሥጋ በትንሽ የብረት ቱቦ ውስጥ አገባና የቱቦውን ሁለት አፎች በሽቦ ወንፊት ሸፍኖ ለአንድ ጭልፊት አዋጠው። ቱቦው ጠንካራ ስለሆነ ጨጓራው ሥጋውን ሊጨምቀውና ሊፈጨው አይችልም፤ የጨጓራው ፈሳሽ ግን በወንፊቱ በኩል ሊገባ ይችላል። ወፉ ቱቦውን በተፋው ጊዜ ሥጋው ከፊሉ ሟሙቶ ተገኘ፤ የመበስበስ ሽታም አልነበረውም። ይህም በ1752 ታትሞ ወጣ። እንግዲህ ምግቡን የሚለውጠው የጨጓራው ጡንቻ ብቻ አለመሆኑ፣ በፈሳሹ ውስጥም አንድ ኀይል መኖሩ በዚህ ታወቀ።

ከእርሱ በኋላ የተነሣው ኢጣሊያዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ ነው። ይህ ሰው ቄስም መምህርም ነበረ፤ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲም ያስተምር ነበር። ስፓላንዛኒ በወፎችና በእንስሳት ብቻ ሳይወሰን ምግብ በትንንሽ የጨርቅ ከረጢት እየቋጠረ እርሱ ራሱ ይውጥ ነበር። ከዚህም አልፎ ከእንስሳት ጨጓራ የወሰደውን ፈሳሽ ከሥጋ ጋር በብርሌ ውስጥ አድርጎ፣ ብርሌውን በብብቱ ይዞ እያሞቀ ጠበቀው። ሥጋውም በብርሌው ውስጥ እንዳለ ሟሟ። በሆድ ውስጥ ብቻ ይሆናል ይባል የነበረው ሥራ ከሆድ ውጭ በብርሌ ተፈጸመ ማለት ነው። የምርመራውም መጽሐፍ በ1780 ታተመ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ምስክርነት ከአንድ ሰው መከራ የተገኘ ነው። በ1822 ዓመተ ምሕረት በሰሜን አሜሪካ በማኪናክ ደሴት አሌክሲስ ሴን ማርታን የተባለ የቆዳ ነጋዴዎች ተቀጣሪ በአደጋ በጥይት ተመታ። ዊልያም ቦሞንት የተባለው የጦር ሠራዊት ሐኪም አክሞ ከሞት አዳነው፤ ነገር ግን በጨጓራው ላይ የተከፈተው ቀዳዳ ሳይደፈን ቀረ። ቦሞንት በዚያ ቀዳዳ በኩል ሥጋና ሌላም ምግብ በሐር ክር እያሰረ ያስገባ ነበር፤ በየሰዓቱም እያወጣ ለውጡን ይመለከት ነበር። በ1833 ባሳተመው መጽሐፍ 238 ሙከራዎችን መዝግቧል። ሴን ማርታን ግን ለዚህ አገልግሎት ሁልጊዜ ፈቃደኛ አልነበረም፤ ሐኪሙንም ጥሎ የሄደበት ጊዜ አለ። የዕውቀት ታሪክ ሲጻፍ የመርማሪው ስም ጎልቶ፣ የተመረመረው ሰው ሥቃይ ደብዝዞ መቅረቱ ተደጋግሞ የሚታይ ነገር ስለሆነ ይህን ማስታወስ ይገባል።

በዚያው በ1833 ዓመተ ምሕረት በፈረንሳይ አገር አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንሷ ፐርሶ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ስለ ብቅል የሚያስደንቅ ነገር አሳተሙ። ፓየን በስኳር ፋብሪካ ሥራ የሠለጠነ ሰው ስለ ነበረ፣ እህል እንዴት ወደ ጣፋጭነት እንደሚለወጥ የማወቅ ጕጕት ነበረው። ሁለቱ ሰዎች ብቅሉን በውሃ ዘፍዝፈው ውሃውን አጠለሉት፤ ከዚያም አልኮል ቢጨምሩበት ነጭ ዝቃጭ ወረደ። ዝቃጩን አድርቀው በዱቄት መልክ አስቀመጡት። ከዚህ ዱቄት ጥቂቱ በሞቀ የስታርች ሙቅ ላይ በተጨመረ ጊዜ ሙቁ ቀጠነ፤ ውሎ አድሮም ወደ ስኳር ተለወጠ። ስታርች የሚባለው በእህል ፍሬ ውስጥ ተከማችቶ የሚገኘው ዋና ምግብ ነው። ዱቄቱን በውሃ አፍልተው በሞከሩት ጊዜ ግን ኀይሉ ፈጽሞ ጠፋ። ለዚህም ነገር ዲያስታዝ ብለው ስም አወጡለት፤ በግሪክኛ መለያየት ማለት ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል። የገብስ ፍሬ ምግቡን በስታርች አድርጎ ያከማቻል፤ ስታርች ግን በውሃ ስለማይሟሟ ለቡቃያው በቀላሉ አይደርሰውም። ፍሬው መብቀል በጀመረ ጊዜ ጎተራውን የሚከፍት ነገር ይሠራል፤ ያም ስታርቹን ወደ ስኳር እየለወጠ ቡቃያውን ይመግበዋል። ጠማቂዋ ብቅሉን አድርቃ ስትፈጨው ቡቃያውን ታስቆመዋለች፤ ጎተራ ከፋቹን ግን ታስቀረዋለች። ከዚህ በኋላ የተከፈተው ጎተራ ለእርሾው ሲሳይ ይሆናል፤ እርሾውም ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። እንኩሮው ከነትኩሳቱ ቢገባ ግን ፓየንና ፐርሶ እንዳዩት ትኩሳቱ የብቅሉን ኀይል ያጠፋዋል፤ እርሾውንም ይገድለዋል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በ1836 ቴዎዶር ሽቫን የተባለው ጀርመናዊ ከጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ሥጋን የሚያሟሟውን ነገር ለይቶ ፔፕሲን አለው። በዚያው ዘመን የስዊድኑ ታላቅ ኬሚስት በርዜሊዩስ እነዚህን ነገሮች ሁሉ በአንድ አሳብ ጠቀለላቸው። ራሳቸው ሳያልቁ የሌላውን ነገር ለውጥ የሚያፋጥኑ ናቸው አለ። ይህን ለመረዳት የመሥሪያ ቤት ማኅተምን ማሰብ ይበቃል። አንድ ማኅተም በቀን ውስጥ ብዙ ደብዳቤ ያልፍበታል፤ ከእርሱ በታች የገባው ወረቀት ሁሉ ሌላ ሥልጣን ይዞ ይወጣል፤ ማኅተሙ ግን በማግሥቱ እንደ ትናንቱ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። ከዲያስታዝ ጥቂቱ ከክብደቱ እጅግ የሚበልጥ ስታርች ሊለውጥ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ወደ ስምምነት የሚሄድ ይመስል ነበር። ነገር ግን የወይንና የቢራ መፍላት በተነሣ ጊዜ ታላቅ ጠብ ተፈጠረ። በ1837 አካባቢ ሽቫን በጀርመን፣ ካኛር ደ ላ ቱር በፈረንሳይ፣ እርሾ ሕይወት ያለውና እየተራባ የሚሄድ ፍጥረት መሆኑን በማይክሮስኮፕ አይተው አስታወቁ። ታላላቆቹ የጀርመን ኬሚስቶች ይህን አልወደዱትም። በ1839 ሊቢግ ራሱ ከሚያዘጋጃቸው አንዱ በሆነው መጽሔት ላይ ስም ያልተጻፈበት የፌዝ ጽሑፍ ወጣ፤ እርሾን ስኳር እየበላ አልኮል የሚያወጣ፣ መልኩም የአረቄ ማውጫ ዕቃ የሚመስል ትንሽ አውሬ አድርጎ ይገልጸው ነበር። በሊቢግ አስተያየት እርሾ የሚሠራው ሕያው ስለሆነ አልነበረም፤ እየፈረሰ ያለ አካል መናወጡን ወደ ስኳሩ ስለሚያስተላልፍ ብቻ ነው ይል ነበር።

ለዚህ ፌዝ በምርመራ መልስ የሰጠው ሉዊ ፓስተር ነው። ፓስተር በ1856 በሊል ከተማ መምህር ሳለ አንድ የአልኮል ፋብሪካ ባለቤት ሥራው ስለ ተበላሸበት ርዳታ ጠየቀው። ፓስተርም ፈሳሹን በማይክሮስኮፕ እየመረመረ፣ ደኅናው መፍላት በእርሾ፣ ብልሽቱ ደግሞ በሌላ ዓይነት ደቂቅ ሕዋስ የሚመጣ መሆኑን አስረዳ። በ1857ና በ1860 ባሳተማቸው ጽሑፎችም መፍላት ከሕይወት ጋር የተያያዘ ሥራ መሆኑን፣ ሕያው እርሾ በሌለበት የአልኮል መፍላት እንደማይገኝ አጸና። ማስረጃው ብርቱ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ወደ ፓስተር አዘነበለ።

የክርክሩ ሐዘን ያለው ግን ከዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው የእውነቱን እኩሌታ ይዘው ነበር። ፓስተር እርሾ ሕያው ነው ማለቱ እውነት ነበር፤ ሊቢግም ሥራው በመጨረሻው የኬሚስትሪ ሥራ ነው ማለቱ እውነት ነበር። ነገር ግን ክርክሩ የሰውና የአገር ክብር ስለ ተጨመረበት፣ እኩሌታውን ከእኩሌታው ጋር የሚያጋጥም ሰው ለብዙ ዘመን አልተገኘም። የፓስተር ወዳጅ የነበረው ክሎድ በርናር በ1878 በሞተ ጊዜ፣ ያለ ሕያው እርሾ አልኮል ሊገኝ ይችላል የሚል ማስታወሻ ከወረቀቱ መካከል ተገኝቶ ታተመ። ፓስተርም የሞተ ወዳጁን አሳብ በአደባባይ ለመቃወም ተገደደ፤ ሙከራዎቹም ደካሞች ስለ ነበሩ ማፍረስ አልቸገረውም። ፓስተር ራሱ ከእርሾ ውስጥ ሠራተኛውን ነገር ለይቶ ለማውጣት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቷል።

በዚህ መካከል ሊቃውንቱ ነገሩን ለሁለት ከፍለው አስቀመጡት። እንደ ዲያስታዝና እንደ ፔፕሲን ያሉት ሕይወት የሌላቸው እርሾዎች ተባሉ፤ የወይንና የቢራው ግን ሕያው እርሾ ተባለ። የሃይደልበርጉ መምህር ቪልሄልም ኩኔ በ1876 ለመጀመሪያዎቹ አዲስ ስም አወጣላቸው፤ ኢንዛይም አላቸው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን በእርሾ ውስጥ ማለት ነው። ነገር ግን በእርሾ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ገና ያየው ሰው አልነበረም።

ያን የከፈተው ኤድዋርድ ቡህነር ነው። ይህ የሙኒክ ተወላጅ በ1893 እርሾን እየፈጨ ውስጡን የማውጣት ሙከራ ጀምሮ ነበር፤ የላቦራቶሪው ኀላፊዎች ግን ከዚህ ምንም አይገኝም ብለው ስላሰቡ ሥራው ተቋረጠ። በ1896 ታላቅ ወንድሙ ሐንስ ቡህነር በሙኒክ በሚመራው የጤና ምርምር ቤት ሙከራው እንደገና ተጀመረ። የሐንስ አሳብ ከደቂቃን ሕዋሳት ውስጥ ለመድኀኒት የሚሆን ነገር ለማውጣት ነበር እንጂ ስለ አልኮል መፍላት አልነበረም። አንድ ኪሎ የቢራ እርሾ ከአንድ ኪሎ አሸዋ ጋር ይፈጫል፤ የሐንስ ረዳት የነበረው ማርቲን ሐን በመከረው መሠረትም ኪዝልጉር የተባለ ለስላሳ አፈር ይታከልበታል። ሊጡ በጠንካራ ጨርቅ ተጠቅልሎ በታላቅ መጭመቂያ ሲጨመቅ፣ ግማሽ ሊትር የሚያህል ጭማቂ ይወጣል። ነገር ግን ጭማቂው ቶሎ ይበላሽ ነበር። ስለዚህ ማርማላታ በስኳር ብዛት ሳይበላሽ እንደሚቆይ አስበው ብዙ ስኳር ጨመሩበት።

ጭማቂው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ አረፋ ማውጣት ጀመረ። ኤድዋርድ ቡህነር አረፋውን ባየ ጊዜ ምን እንደሆነ ዐወቀ። በጭማቂው ውስጥ አንድም ሕያው እርሾ ሳይኖር ስኳሩ ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጥ ነበር። በጥር ወር 1897 ይህን በጽሑፍ አስታወቀ፤ ሠራተኛውንም ዚማዝ አለው። ፓስተር ከሁለት ዓመት በፊት በ1895 ሞቶ ስለ ነበር ይህን ለማየት አልደረሰም። ሕያው እርሾ እና ሕይወት የሌለው እርሾ የሚለው ክፍፍል በዚህ ፈረሰ። እርሾው ሕያው ነው፤ ሥራውን የሚሠራለት ግን እርሱ የሚያበጀው ኢንዛይም ነው። በኋላም ዚማዝ አንድ ነገር ሳይሆን በተራ የሚሠሩ የብዙ ኢንዛይሞች ማኅበር መሆኑ ታወቀ። ቡህነር በ1907 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በሻለቅነት ዘምቶ፣ በነሐሴ ወር 1917 በሮማንያ ግንባር ቆስሎ ሞተ።

ኢንዛይም መኖሩ እንዲህ ከታወቀ በኋላ፣ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ቀረ። ኤሚል ፊሸር በ1894 ኢንዛይም የሚሠራበትን ነገር የሚመርጠው ቁልፍ ከመቆለፊያው ጋር እንደሚጋጠም ያለ ቅርጽ ስላለው ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። የአንዱ ካዝና ቁልፍ ሌላውን ካዝና እንደማይከፍት ሁሉ ዲያስታዝም ሥጋን አይነካም፤ ፔፕሲንም ስታርችን አይነካም። ግን ይህ መቆለፊያ ከምን የተሠራ ነው? በ1920ዎቹ ዓመታት በዚህ ጕዳይ ላይ ቃሉ የሚሰማው ጀርመናዊው ሪቻርድ ቪልሽቴተር ነበር። በ1915 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ፣ በሥራውም ሆነ በጠባዩ የተከበረ ሰው ነው፤ በ1924 በአይሁድ ላይ የሚደረገውን ማግለል በመቃወም የሙኒክን የመምህርነት ሹመቱን በፈቃዱ ትቷል። ይህ ታላቅ ሰው ኢንዛይምን አጥርቶ ከመረመረ በኋላ ፕሮቲን አላገኘሁበትም አለ። ብዙዎቹም ቃሉን ተቀበሉ። በኋላ እንደ ተረዳው ግን ኢንዛይሙ በጣም ጥቂት ሆኖ ሳለ የመሥራት ኀይሉ ብርቱ ስለ ነበረ፣ የፕሮቲኑ መመርመሪያ ሊያየው አልቻለም እንጂ ፕሮቲኑስ ነበረ።

ይህን ቃል የተቃወመው ሰው በሊቃውንቱ ዘንድ ስሙ እምብዛም አይታወቅም ነበር። ጄምስ ሳምነር በ1887 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደ። በ17 ዓመቱ ለአደን ወጥቶ ሳለ የባልንጀራው ጥይት በአጋጣሚ ግራ ክንዱን መታው፤ እጁም ከክርኑ በታች ተቈረጠ። ሳምነር ግራኝ ስለ ነበረ ሁሉን ነገር በቀኝ እጁ እንደገና መማር ግድ ሆነበት። በሐርቫርድ ኬሚስትሪ ለመማር በቀረበ ጊዜ ኦቶ ፎሊን የተባለው መምህር፣ አንድ እጅ ያለው ሰው በኬሚስትሪ አይሳካለትም፣ ሕግ ብትማር ይሻልሃል ብሎ መከረው። ሳምነር ግን አልተመለሰም፤ በ1914 የዶክትሬት ማዕረጉን ተቀበለ፤ ከዚያም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ።

የማስተማር ሥራው ብዙ፣ ለምርምር የሚቀርለት ጊዜና ገንዘብ ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ ቢሳካ ትልቅ ዋጋ ያለውን አንድ ነገር መርጦ በ1917 ያዘ፤ አንድን ኢንዛይም ፍጹም ንጹሕ አድርጎ ለማውጣት ቈረጠ። የመረጠው ዩሪያዝ የተባለውን ነው። ይህ ኢንዛይም በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያን ወደ አሞንያና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከፍለዋል። ዩሪያ በውሃ ውስጥ ብቻውን ቢተው እስኪፈርስ ድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዩሪያዝ ካለበት ግን ወዲያውኑ ይፈርሳል። ኢንዛይሙም ጃክ ቢን በተባለ የባቄላ ዘመድ በሆነ እህል ውስጥ በብዛት ይገኛል። በ1921 ሳምነር ስለ ኢንዛይሞች አያሌ መጻሕፍት ከጻፈው ከዣን ኤፍሮን ጋር ለመሥራት ወደ ብራስልስ ሊሄድ ዕድል አግኝቶ ነበር፤ ኤፍሮን ግን ዩሪያዝን ለይቶ የማውጣትን አሳብ የሚያስቅ ነገር ነው ስላለው ጕዞው ቀረ።

እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ1926 ሳምነር በአልኮል ፈንታ አሴቶን የተባለውን ፈሳሽ ከውሃ ጋር ቀላቅሎ የእህሉን ዱቄት ዘፈዘፈበትና በብርድ ቦታ ሲጠልል እንዲያድር አደረገ። በማግሥቱም ከጠለለው ፈሳሽ አንዲት ጠብታ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፣ ከዚያ በፊት ዐይቷቸው የማያውቅ ትንንሽ ክሪስታሎች አየ። ክሪስታል ማለት እንደ ጨው ፍሬ ወይም እንደ ስኳር ፍሬ ፊቱና ማዕዘኑ የተስተካከለ ጠጣር አካል ነው። እንዲህ ያለው አካል በደንቡ የሚገኘው አንድ ዓይነት የሆኑ ደቂቃን በሥርዓት በተደረደሩ ጊዜ ስለሆነ የንጽሕና ምልክት ነው። ሳምነር ክሪስታሎቹን ለይቶ በውሃ አሟሟቸውና በዩሪያ ላይ ሞከራቸው፤ ኀይላቸው እጅግ ብርቱ ሆኖ ተገኘ። የፕሮቲን መመርመሪያውም ፕሮቲን መሆናቸውን አሳየ። ወዲያው ስልክ አንሥቶ ለባለቤቱ የመጀመሪያውን የኢንዛይም ክሪስታል አገኘሁ ብሎ ነገራት።

ዓለም ግን እንደ ባለቤቱ አልተቀበለችውም። የቪልሽቴተር ወገኖች፣ ክሪስታሉስ ፕሮቲን ይሁን፣ እውነተኛው ኢንዛይም ግን በላዩ የተጣበቀ ሌላ ጥቂት ነገር ነው እያሉ ተቃወሙት። ሳምነር ለእያንዳንዱ ተቃውሞ ሙከራ እየሠራ መልስ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አለፈ። በ1930 ጆን ኖርትሮፕ ፔፕሲንን በክሪስታል መልክ አወጣ፤ ይኸው ሽቫን በ1836 ስም ያወጣለት የጨጓራው ሠራተኛ መሆኑ ነው። ኖርትሮፕና ባልንጀሮቹ ሌሎችንም ኢንዛይሞች ጨመሩ፤ ሁሉም ፕሮቲን ሆነው ተገኙ። በ1946 የኬሚስትሪው ኖቤል ሽልማት ግማሹ ለሳምነር፣ ግማሹ ለኖርትሮፕና ለዌንደል ስታንሊ ተሰጠ። በአንድ እጅህ ኬሚስትሪ አይሆንልህም የተባለው ሰው ኢንዛይም ሊያዝና ሊመዘን የሚችል ነገር መሆኑን አሳይቶ፣ በ1955 ዐረፈ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልናገር። ፕሮቲን ሃያ ያህል ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ መቍጠሪያ ተሰክተው የሚሠሩት ሰንሰለት መሆኑ ታወቀ፤ ሰንሰለቱም ተጠቅልሎ የራሱ የሆነ ቅርጽ ይይዛል። እንቍላል በፈላ ውሃ ሲቀቀል ነጩ የሚረጋው ይህ ቅርጽ ስለሚፈርስ ነው፤ ብቅልም ሲፈላ ኀይሉን የሚያጣው በዚሁ ምክንያት ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1922 ያስታወቀው ላይሶዛይም የተባለ ኢንዛይም በእንባችንና በእንቍላል ነጭ ውስጥ ይገኛል፤ የእንቍላል ነጩም ላይሶዛይም 129 አሚኖ አሲዶች አሉት። በ1965 ዴቪድ ፊሊፕስና ባልደረቦቹ በለንደን የዚህን ኢንዛይም ቅርጽ በኤክስሬይ አጥንተው አወጡት፤ ኢንዛይሙ የሚሠራበት ነገር የሚገባበት ስንጥቅም በገላው ላይ ታየ። ፊሸር በአሳብ ብቻ ያስተማረው መቆለፊያ ከሰባ ዓመት በኋላ በዐይን ታየ ማለት ነው። ይህም ሆኖ የሳምነር መልስ የነገሩ መጨረሻ አልነበረም። በ1982ና በ1983 የወጡት የቶማስ ቼክና የሲድኒ ኦልትማን ሥራዎች፣ አር ኤን ኤ የተባለው ነገር ፕሮቲን ሳይሆን እንደ ኢንዛይም ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ፤ ስለዚህም በ1989 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ምናልባት ከአድማጮቻችን አንዱ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ይል ይሆናል። መልሱ ሩቅ አይደለም። ሐኪም የጕበትን ወይም የልብን ሁኔታ ለማወቅ ደም ሲያስመረምር ከሚያስቈጥራቸው ነገሮች ውስጥ ኢንዛይሞች አሉባቸው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ ጨጓራዬን ታምሜ የሚል ሰው ብዙ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራልያውያን በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት፣ ከጨጓራ ቍስል አብዛኛው የሚመጣው ሄሊኮባክተር ፒሎሪ በተባለ ባክቴሪያ ምክንያት ነው፤ ለዚህም በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይህ ባክቴሪያ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ሳይሞት የሚኖረው በምንድን ነው? ሳምነር በክሪስታል መልክ ባወጣው ዓይነት ኢንዛይም፣ በዩሪያዝ ነው። ዩሪያን ከፍሎ በሚያገኘው አሞንያ አሲዱን በዙሪያው ያበርደዋል። ሐኪሞችም ይህን ስላወቁ ለበሽተኛው ምልክት የተደረገበት ዩሪያ አጠጥተው ትንፋሹን ይመረምራሉ፤ ምልክቱ በትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ከተገኘ ባክቴሪያው በሆዱ ውስጥ አለ ማለት ነው። በጭልፊት ጨጓራ የተጀመረው ምርመራ በዚህ መንገድ ወደ ሰው ጨጓራ ተመልሶ ፈውስን አመጣ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሊቢግ፣ ፓስተርና ቪልሽቴተር እውነተኛ ሊቃውንት ነበሩ፤ የሠሩትም ሥራ እስከ ዛሬ ይጠቅመናል። ይሁን እንጂ ከእነርሱ አንዱ ይህ አይሆንም ባለ ጊዜ፣ ቃሉ ከስሙ ታላቅነት የተነሣ ለብዙ ሰዎች መንገድ ዘጋ። የተዘጋው መንገድ የተከፈተው የበለጠ ስም ባለው ሰው አልነበረም፤ ከስኳር ውስጥ የወጣውን አረፋ ንቆ ባላለፈውና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ለማጥራት በደከመው ሰው ነው። አንድ ጕዳይ በፊታችን በቀረበ ጊዜ ማን እንዲህ አለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ምን ታየ፣ ማንስ መረመረው ብሎ መጠየቅ ግን ከዚያ ይበልጣል። የበታቹ ባቀረበው ማስረጃ ላይ የበላዩ ስም ብቻ መልስ ሆኖ እንዳይሰጥበት መጠንቀቅ በላቦራቶሪ ብቻ ሳይሆን በማናቸውም ሥራ የሚያስፈልግ ነገር ነው።